ዝም ያሰኘሁት አምፕሊፋየር

እናቴ «አንቺ ልጅ፣ የምትከራከሪው ሰው ብታጪ ከግድግዳ ጋር ትጀምሪያለሽ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። አምቦ በተከራየሁበት ግቢ የደረሰው ነገርም በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ነው የሆነው። ወዲህ የእኔ ክፍል ነው፤ ወዲያ የአከራዬ ሳሎን።

አከራዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ወሬያቸውን በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፣ እኔም እንደዚያው። የእኔ እንጀራ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍቻለሁ። ሰው ገና በሩ ላይ ቆሞ «ጠጋኙ የለም እንዴ?» ይለኛል። «ጠጋኙ እኔ ነኝ፤ ካላመንክ ይዘኸው ሂድ!» እላለሁ። በዚህ ምክንያት ይሁን በተፈጥሮዬ እንጃ፣ ተሳስተሻል መባል አልችልም።

የሰው ስጠግን ኖሬ ለራሴ አምፕሊፋየር የሠራሁት በቅርብ ዓመት ነው። ቦርዱንና ትንሿን ጥቁር ቺፕ፣ እኛ አይሲ የምንላትን፣ ከመርካቶ አስመጣሁ። እነዚህ አዳዲሶቹ አይሲዎች እንደ ድሮዎቹ አይግሉም። ድምፁን የሚያጎሉት እንደ መብራት ቦግ እልም፣ ቦግ እልም እያሉ ነው፤ ያውም በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ደጋግመው። ፍጥነቱን የሚመርጠው ሠሪው ነው። ከአይሲዋ እግሮች ሦስቱ የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ አንዱን ከግራውንድ፣ ሌላውን ከፓወር ጋር እያቀያየሩ ሲያስሯቸው ፍጥነቱ ይለወጣል። ለምን ምርጫ አስፈለገ ቢባል፣ አይሲዋ በዚያ ሁሉ ፍጥነት ስትሠራ ራሷም ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ስለምትሆን ነው። ፍጥነቷ ወይም የፍጥነቷ እጥፍ ሰው ሬዲዮ የሚሰማበት ሞገድ ላይ ካረፈ፣ አጠገቧ ያለውን ሬዲዮ ታስጮኸዋለች። አብሯት የመጣው ወረቀት ላይ ይህ በግልጽ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ምን አልኩ? «በዚህ ዘመን ደግሞ ማን መካከለኛ ሞገድ ይሰማል!» ብዬ ሦስቱንም እግሮች በአንድ ላይ ከግራውንድ ጋር በየድኳቸው። ለመበየጃ ካውያዬ የሚቀለው እሱ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ በየምሽቱ መካከለኛ ሞገድ የሚሰሙ ሰው እንዳሉ እያወቅሁ!

ሌሎች ሁለት እግሮች ደግሞ አሉ። አንደኛው አይሲዋን ጭልጥ አድርጎ ያስተኛታል፣ ሌላው ድምፁን ብቻ ይዘጋል። በማስተኛው ስጠቀም ስፒከሩ «ጧ!» እያለ አስደነገጠኝ። ተናደድኩና ሁልጊዜ ነቅታ እንድትኖር አድርጌ በየድኩት፤ ማጥፊያ ያደረግሁት ድምፅ መዝጊያውን ነው። ጫን ሳደርገው ጸጥ ይላል፣ እኔም አጠፋሁት እላለሁ። የስፒከሩን ገመድ በግድግዳው ላይ አዙሬ ዘረጋሁት። ድምፁ ግን፣ ኧረ ምን ልበላችሁ፣ አንጀት ያርስ ነበር።

የአባባ ታናሽ ወንድም ካቺሲ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። አባባ ሄደው ሲያስታምሟቸው ከርመው፣ ጉልበታቸው አላስችል ብሎ ተመለሱ። በዚያ ጊዜ ወደዚያ አገር ስልክ ቢሠራ ቢሠራ አንዳንዴ ነው፤ መኪናም እንደ ቀኑ ነው። ስለዚህ ሲለያዩ ከወንድማቸው ሚስት ጋር ተስማሙ። ክፉ ነገር ከመጣ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው በኩል በሬዲዮ ያስነግራሉ፤ ምሽት ላይ በኦሮምኛ የሐዘን ማስታወቂያ የሚነበብበት ሰዓት አለ። አባባ ሰምተው በማግስቱ እንደምንም ይደርሳሉ። «እሱን አፈር ሳላለብስማ አልቀርም፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው» ይሉኝ ነበር። ከተመለሱ ጀምሮ በየምሽቱ ሬዲዮዋን ግድግዳው ሥር አስቀምጠው አጠገቧ ይቀመጡ ጀመር።

አንድ ቀን «ኢንታላ ኮ፣ ይቺ ሬዲዮ ምን ነካት? ምሽት ምሽት ታፏጫለች» አሉኝ። ሱቅ ወስጄ ከፈትኳት። ኩልል ብላ ዘፈነች። መልሼ አመጣሁላቸውና «አባባ፣ ሬዲዮዋ ደህና ናት፤ ጆሮዎን ይታዩ» ብዬ ቀለድኩባቸው። ሳቁልኝ። ያን ዕለት ማታ ሬዲዮዋ እንደገና ታፏጭ ጀመር።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ በሬን አንኳኩ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «እንዳትቀየሚኝ ልጄ፣ ምናልባት ያንቺ መሣሪያ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። ቆሽቴ እርር አለ። ሥራዬን ነቀፉ ማለት አይደል! «ይግቡ አባባ፣ በዓይንዎ ይዩ» አልኩና መዝጊያውን ተጫንኩት። ስፒከሩ ጸጥ አለ። ከግድግዳው ወዲያ የሬዲዮዋ ፉጨት እንዳለ ይሰማል። «አዩ? የእኔ ዝም ብሏል፣ የእርስዎ ይጮሃል። ታዲያ ማን ነው ጥፋተኛው?» አልኳቸው። ትንሽ ቆም ብለው አዳመጡ። «ዱጋ ነው፣ እውነትሽን ነው» አሉ። «ያላግባብ ጠረጠርኩሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።» እኔም ምንም አይደል ብዬ ይቅር አልኳቸው። እኔ! አፈር በበላሁ! ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ጆሯቸውን ሬዲዮዋ ላይ ለጥፈው ከፉጨቱ መሐል የሚያገኙትን እየለቀሙ ይሰሙ ነበር። በመስኮት አያቸዋለሁ። አዲስ ሬዲዮ ቢገዙ ምን አለበት ብዬ አልፋቸዋለሁ።

አንድ እሑድ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ፣ ዋናው መንገድ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ወደ ግቢው ገባ። ከደቡብ መጥቶ አምቦ የኖረ፣ አባባን እንደ አባቱ የሚያይ ሙስሊም ሰው ነው። ስኳር በፌስታል ይዟል። አባባ በረንዳ ላይ ነበሩ። «አባቴ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» አላቸው። «በሬዲዮ ስሰማ ክው ነው ያልኩት። ቀብሩ ላይ ሳልደርስልዎ ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አባባ «የማን ቀብር?» አሉ።

መርዶ በእኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ጠዋት በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው የሚደግፈው ሰው ከግራ ከቀኝ ተዘጋጅቶለት ነው። ምስኪኑ ነጋዴ ለማጽናናት መጥቶ ሳያስበው መርዶ ነጋሪ ሆነ። ስኳሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አባባን ሮጬ የያዝኳቸው እኔ ነኝ። እጄ እርጥብ ነበር፣ ሸሚዛቸውን አረጠብኩት።

በማግስቱ ካቺሲ ሄዱ፤ ቀብሩ ካለፈ ሰንብቷል። ሲመለሱ ሌላ ሰው መስለው ተመለሱ። የወንድማቸው ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሥታ አልተቀበለቻቸውም። ሽማግሌዎቹም አገር ምድሩ የሰማውን ማስታወቂያ ታላቅ ወንድም እንዴት አልሰማም ብለው ፊት ነሷቸው። ሰምቶ ቀረ ተባሉ። ሬዲዮው ያፏጭ ነበር ሲሉ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «ሰው ባያምነኝ ምንም አልል። እኔም ራሴን አላመንኩትም፤ ተኝቼ ይሆናል፣ አርጅቼ ይሆናል» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ያኔም ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አላሰብኩም።

ያወቅሁት መብራት ሲጠፋ ነው። ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ አባባ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ገና አልጨለመም። የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ወዲያው ከግድግዳው ወዲያ የሬዲዮዋ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ በባትሪ ነው የምትሠራው። ቃል በቃል ይሰማኛል። ማሰሮ ልጥድ ስል ባለሁበት ቆሜ አዳመጥኩ። መብራቱ ሲመለስ ፉጨቱ አብሮ ተመለሰ። አምፕሊፋየሬን አየሁት። መዝጊያው ተጭኗል፣ ስፒከሩ ዝም ብሏል፣ ትንሿ መብራት ግን በርታለች። ሶኬቱን ነቀልኩት፤ ሬዲዮዋ ጠራች። ሰካሁት፤ አፏጨች። መዝጊያው የሚዘጋው ድምፁን ብቻ ነዋ! አይሲዋ ዝም ብላም ቢሆን ያንኑ ቦግ እልም ትቀጥላለች፣ ገመዴም ግድግዳው ላይ አንቴና ሆኖ ይበትነዋል። ይህ እኮ የተማርኩት ነገር ነው። ከሦስቱ እግሮች አንዱን ፈትቼ ፓወር ላይ ብበይደው ፍጥነቱ ከእሳቸው ጣቢያ ይርቅ ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ ነው ያለው። ለሻይ ውኃ እስኪፈላ እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ነቅዬው እንደታቀፍኩት ሄጄ ነገርኳቸው። እግራቸው ሥር ወድቄ ነው የነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በዚያ ምሽት እዚሁ ተቀምጬ ሳለሁ የወንድሜ ስም ተጠርቷል ማለት ነው?» አሉ። «አዎ አባባ» አልኩ። ከዚያ «ተነሽ» አሉኝ። «ይህን ለእኔ ሳይሆን ለወንድሜ ሚስት ነው የምትነግሪያት።»

ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ሳላስተካክል፣ ጥፋቱን በሠራበት ሁኔታ እንዳለ ካቺሲ ይዤው ሄድኩ። መብራት አይኖር ይሆናል ብዬ የሞተር ሳይክል ባትሪ ይዣለሁ። አባባ አስቀድመው በሰው ልከው ስለነበር፣ አብረን ስንደርስ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ አምቦ ሆኖ ወሬ የሚውጠውን ሣጥን ለማየት መጥቷል። የሟች ሚስት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አባባ ሰላም ሲሏት አሁንም አልተነሣችም። ሽማግሌዎቹ የሚሞከርበት ሬዲዮ የእኛ ይሁን አሉ፤ ማስታወቂያውን የሰሙበት ነው። ደግ ነው አልኩ። ከዚያ መረቁ፣ ምርቃቱም ረዘም አለ።

በኦሮምኛ እንደምችለው አስረዳሁ። «ሳይናገር እንዴት ያስጮኻል?» አለ አንዱ። «ላሳያችሁ» አልኩ። ሬዲዮው ዘፈን ላይ ነበር። ገመዱን ላገናኝ ስል መሐል የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «የእኛ የተዋጠው በዘፈን ሰዓት አይደለም» አሉ። «የሐዘኑ ሰዓት እየደረሰ ነው። እዚያው ላይ አሳዪን።»

ልቤ አልወደደውም። የሚነበበው እኮ የሆነ ሰው ስም ነው፤ ይህን መናገር ነበረብኝ፣ ምላሴ ላይም ደርሶ ነበር። በዚህ መሐል ከበሩ አካባቢ አንዱ «ሰውዬው ምስክር ገዝቶ መጣ» ሲል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። አባባን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። «እሺ!» አልኩ። «እዚያው ላይ!»

ሰዓቱ ደረሰ። ሬዲዮው ጥርት ብሎ የመጀመሪያውን ሟች አነበበ፤ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁለተኛው ሲጀመር መዝጊያውን ተጭኜ ገመዱን ባትሪው ላይ አገናኘሁት። ስፒከሩ ጭጭ አለ። ሬዲዮው ግን እንደተረገጠ ውሻ ጮኸ። ሰዉ ጆሮውን ያዘ። «አያችሁ? ዝም ብሏል! የሚጮኸው የእናንተው ሬዲዮ ነው!» አልኩ። ዞር ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁ። እንዳሸነፍኩ ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ለዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

«ንቀዪው!» አለች የሟች ሚስት።

ነቀልኩት። የአንባቢው ድምፅ ተመለሰ። «…ሥርዓተ ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል። ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ ሙዚቃ ገባ።

የሟች ሚስት ወደ አባባ ዞረች። «የእኛም እንዲህ ነው የቀረብዎት?» አለቻቸው። አባባ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሣች። መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ ሁለቱም እዬዬ ብለው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ «አምነናል፣ አምነናል» አሉ። ምስክር ተገዛ ያለው ሰውም መጥቶ የአባባን ጉልበት ሳመ። የሄድንበት ነገር ሆነ።

እኔ የተነቀለውን ገመድ እንደያዝኩ ቁጭ ብያለሁ። ሁሉም ረጋ ሲል አንዲት አሮጊት «እሱስ የማን ነበር?» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ቀጥሎ ሁሉም እኔን አየ። አንዱ ወጥቶ ጎረቤት ሊጠይቅ ሄደ፤ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት በሙሉ እኛ ዘንድ ነበር የተሰበሰበው። ስልክ አይሠራም። «ነገ ይደግሙት ይሆናል» አሉ መሐል የተቀመጡት ሽማግሌ። ሁላችንም ግን የቀብሩን ሰዓት ሰምተናል።

በማግስቱ በጠዋት መኪና አገኘን። አባባ ካየኋቸው ጊዜ ሁሉ በላይ ቀሏቸዋል፤ የወንድማቸው ሚስት የሰጠቻቸውን ቋጠሮ ታቅፈው ስለ ወንድማቸው ልጅነት ያወሩኝ ነበር። «ገላቶሚ፣ ተባረኪ፤ ቤቴን መለስሽልኝ» አሉኝ። አምፕሊፋየሩ እግሬ ሥር ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን አዙሬ ሜዳውን አየሁ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ወሬያቸውን አቋረጡ። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ስድስት ሰዓት ሆነ» አሉ። «አሁን እየቀበሩት ነው።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ወይም እየቀበሯት» አሉ።